«ለካህኑ ጨዋ፣ ለእኔ ግን ሌላ ሰው»

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ ዕድሜዬ 34 ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ ጎብኚዎችንና ተሳላሚዎችን በሞተር ጀልባ ወደ ዘጌ ገዳማት የሚያመላልስ፣ በትዕግሥቱ የታወቀ ሰው ነበር። ሐይቁ ተናውጦ ተሳፋሪው ሁሉ ሲጮኽ እንኳ እሱ ድምፁን ከፍ እንደማያደርግ ባልደረቦቹ ይመሰክራሉ። ባለፈው ዓመት በጥምቀት ሰሞን የተሳፈረበት ባጃጅ ተገልብጦ ጭንቅላቱን ተመታ። ሁለት ቀን ራሱን አያውቅም ነበር። በራስ ቅሉ ውስጥ የፈሰሰውን ደም በቀዶ ሕክምና አወጡለት፤ ከሳምንታት በኋላ በእግሩ ሄዶ ቤቱ ሲገባ ጎረቤቱ በእልልታ ተቀበለን።

እኔም «ተመስገን፣ ዳነልኝ» ብዬ ነበር። የሠርጋችንን ቀን፣ ማን ምን ያህል እንዳለበት፣ የልጆቹን ክፍል ሳይቀር ያስታውሳል። ጠባዩ ግን የሌላ ሰው ሆነ። የሰባት ዓመቱ ልጃችን ውሃ ስላፈሰሰ ረከቦቱን አንሥቶ ወረወረ። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የሟቹን ዕዳ ሰው እየሰማ ተናገረ። የዕቁቡን ገንዘብ በቅጡ ለማያውቀው ሰው አበደረ። ቁጣ በሌለበት ቀን ደግሞ ካልቀሰቀስኩት እስከ እኩለ ቀን ከአልጋ አይወርድም፤ «ታጠብ» ካላልኩት አይታጠብም። ወጡን «እንጨት እንጨት ይላል፣ ቡናሽም አይሸትም» ይለኛል፤ ዱሮ ሙያዬን ነቅፎት አያውቅም። አንዳንዴም ንግግር ጀምሮ ዓይኑ ይፈዝና አፉን እንደሚያላምጥ ያንቀሳቅሳል፤ ስጠራው አይሰማኝም፣ ቆይቶ «ምን አልሽ?» ይለኛል። ጠበል ወስደነዋል፤ ያኔ ክኒኑን አቁሟል።

ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን ይህ ነው። የንስሐ አባታችን ሲመጡ ተነሥቶ መስቀል ይሳለማል፣ በጨዋ ደንብ ያጫውታቸዋል፣ መርቀውት ይሄዳሉ። እሳቸው ከበር ሲወጡ ጭቅጭቁ ይጀምራል። አማቴ «ልጄ ለሰው ሁሉ ደህና ነው፤ አንቺ ራስሽን መርምሪ» አሉኝ። እህቴ ደግሞ «እያወቀ ነው፤ ቢያመው ኖሮ በካህኑም ፊት ያደርገው ነበር» ትላለች። ባለፈው ወር ገፍትሮኝ ከበሩ መቃን ጋር ተጋጨሁ። ወዲያው አለቀሰ፤ ማታ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ራቱን ጠየቀኝ። አሁን ደግሞ ወደ ጀልባው ሊመለስ ነው፤ የማኅበሩ ሰዎችም ጤነኛ ስለመሰላቸው ተራ ሊሰጡት ተዘጋጅተዋል፤ ገቢውም ያስፈልገናል። እውነት እያወቀ ነው? ልታገሥ ወይስ ልጆቼን ይዤ ልውጣ? ስለ ጀልባውስ ዝም ልበል?

ግራ የገባኝ፣ ከባሕር ዳር


እህቴ፣ ከቁጣውም ከዕቁቡም ይልቅ እኔን ያስቆመኝ አንቺ እንደ ተራ ቅሬታ ጣል አድርገሽ ያለፍሽው ቃል ነው፤ «ቡናሽም አይሸትም ይለኛል» ያልሽው። በሙያሽ የተዘባበተ መስሎሽ ከፍቶሻል። እኔ ግን ሰውየው የሆነውን እየነገረሽ ይመስለኛል። እስቲ ቤቱ ሰላም በሆነበት ሰዓት፣ በጨዋታ መልክ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የተቆላ ቡና፣ የሎሚ ልጣጭ፣ በሶብላና ሳሙና አንድ በአንድ ይሽተትና ምን እንደሆኑ ይንገራችሁ። በርበሬና ሽንኩርት አታቅርቡለት። እነሱ አፍንጫን የሚያቃጥሉት በሌላ ነርቭ በኩል ስለሆነ ማሽተት የማይችል ሰውም ያውቃቸዋል፤ ፈተናውን ያበላሹብሻል።

አፍንጫው ላይ ምን አዋለዎ ትዪኝ ይሆናል። የማሽተት ነርቮች በጣም ቀጫጭን ናቸው። ከአፍንጫ ጣሪያ ተነሥተው ጥቃቅን ቀዳዳ ባለው ስስ አጥንት ሾልከው ወደ አንጎል ይገባሉ። ጭንቅላት በኃይል ሲመታ በፈሳሽ ውስጥ ያለው ለስላሳ አንጎል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይላጋል፤ እነዚያ ቀጫጭን ነርቮችም ሊበጠሱ ይችላሉ። ከነሱ በላይ የተኛው ደግሞ የፊተኛው የአንጎል ክፍል ሆድ ነው፤ ከዓይኖቻችን በላይ፣ ከግንባራችን ጀርባ ማለት ነው። እዚያ ላይ የራስ ቅላችን ወለል ሸካራና ሸንተረር ያለበት በመሆኑ ሰው በየትኛውም በኩል ቢመታ ይህ ቦታ በቀላሉ ይላላጣል። ስለዚህ ከጭንቅላት አደጋ በኋላ ሽታ የጠፋበት ሰው ጠባዩም ከተለወጠ ሐኪሞች ሁለቱን ለያይተው አያዩአቸውም። ምላስ በራሷ የምታውቀው ጣፋጩን፣ ጨዋማውን፣ ኮምጣጣውን፣ መራራውንና የሥጋ መረቅን ዓይነት ጣዕም ነው፤ የወጥሽን ወጥነት የሚሰጠው ቀሪው ሁሉ በአፍንጫ በኩል የሚመጣ ነው። «እንጨት እንጨት ይላል» ያለሽ ሰው ምናልባት የአፉን ስሜት በትክክል ገልጾልሻል።

ያ የፊተኛው ክፍል ምን ይሠራል? ሆዱ፣ ማለትም ከዓይን በላይ ያለው፣ አንድ ነገር ከማድረጋችን በፊት ምን እንደሚያስከትል ይመዝናል፤ ኀፍረቱን፣ ጸጸቱን፣ የሰውን ፊት። ሁለቱ የአንጎል ንፍቆች የሚተያዩበት የውስጠኛው ጎን ደግሞ ማስጀመር ነው ሥራው፤ እሱ ሲጎዳ ሰው ሳይታመም፣ ሳያዝንም፣ ዝም ብሎ ተኝቶ ይውላል። አንቺ ቁጣውንና ስንፍናውን ሁለት የተለያዩ ጥፋቶች አድርገሽ ነው የጻፍሽልኝ፤ እንዲያውም «ለመቆጣት ጉልበት አለው፣ ለመታጠብ ግን የለውም» ብለሽ ሳትበሳጪ አልቀረሽም። ሁለቱም ግን ከዚያው ሰፈር ሊመጡ ይችላሉ። ወደ ጆሮ በኩል ጠለቅ ብሎ አሚግዳላ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ፤ የሚያስደነግጥ ነገር ሲመጣ ቶሎ የሚያነቃው እሱ ነው። ልጃችሁ ውሃ ሲያፈስ አንቺም ውስጥ ያ ድንጋጤ ይነሣል፤ ነገር ግን የፊተኛው ክፍል «ኧረ ውሃ ነው» ብሎ ያበርደዋል። በሱ ዘንድ ይህ መልስ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ሲደርስ ረከቦቱ ተወርውሯል። ከዚያ ያለቅሳል። ለቅሶውን እንደ ማስመሰል አትቁጠሪበት። ባለቤትሽ ጀልባ ነጂ ነውና በሙያው ልናገር፤ ሞተሩ አልተነካም፣ የላላው መሪው ነው።

በርግጥ በደብዳቤ በሽታ አይመረመርም። የእንቅልፍ ማጣት፣ የማያቋርጥ ራስ ምታት፣ አደጋው ያስከተለው ጭንቀት፣ ሥራ ፈትቶ መዋል ራሱ፣ እነዚህም ሰውን ያከፋሉ፤ በአብዛኛው አብረው ነው የሚገኙት። አንድ ነገር ግን ልብ በዪ። ራስ ምታቱ ከቀን ወደ ቀን ከባሰ፣ ማስመለስ ከጀመረው፣ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ብሎት ለመቀስቀስ ካስቸገረ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ የዚያኑ ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው።

ወደ ካህኑ ልምጣ። እውነት ለመናገር የእህትሽ ክርክር ጠንካራ ነው፤ «ቢያመው ኖሮ በሳቸውም ፊት ያደርገው ነበር» የሚለውን ብዙ አስተዋይ ሰዎችም ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1985 ኤስሊንገርና ዳማሲዮ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ስለ አንድ በሽተኛ ጽፈው ነበር። ሰውየው የሒሳብ ባለሙያ ነበር፤ በፊተኛው የአንጎሉ ክፍል ሥር ያደገ ዕጢ ወጣለት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ብሩህ አእምሮው አልደበዘዘም፤ ፈተና ቢሰጡት ያልፋል፤ «በእንዲህ ያለ ጊዜ ምን ማድረግ ይገባል?» ቢሉት አጥርቶ ይመልሳል። በገዛ ኑሮው ግን ሥራውን አጣ፣ ለማይታመን ሰው ገንዘቡን ሰጥቶ ከሰረ፣ ትዳሩ ፈረሰ፤ ራት የት እንደሚበላ ለመወሰን ብዙ ሰዓት ይፈጅበት ነበር። በሐኪሙ ጠረጴዛ ፊት ምንም የማይጎድለው ሰው በቤቱ ሁሉም ነገር አልያዝለት አለ። ባለቤትሽም ለቅሶ ቤት ምን እንደሚባል ጠይቂው፣ ያውቃል። ያ ዕውቀቱ ግን አንደበቱን ለመያዝ በጊዜው አይደርስለትም።

የንስሐ አባታችሁ ሲመጡ ደግሞ ሥርዓቱ ከውጭ ተዘጋጅቶለት ይመጣል። መነሣት፣ መስቀል መሳለም፣ ወንበር መስጠት፣ ለተጠየቁት መልስ መስጠት፤ ከልጅነቱ የለመደው ነው፣ ማሰብ አይጠይቀውም። የሚያናግረው አንድ ሰው ነው። ልጅ አይጮኽም፣ ሬዲዮ አልተከፈተም። ለግማሽ ሰዓት ራሱን ይይዛል። ያ መያዝ ግን በነጻ አይገኝም። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ከጉልበታችን አንድ አምስተኛ የሚሆነውን የሚወስድ አካል ነው፤ የተጎዳ አንጎል ደግሞ ጤነኛው ሳያስበው የሚሠራውን በልፋት ነው የሚሠራው። እሳቸው በሩን ሲወጡ ጭቅጭቁ የሚጀምረው ለዚህ ይመስለኛል፤ ደክሟል። አማትሽ ያዩት እውነት ነው፣ ለሌላው ሰው ደህና ነው፤ ምክንያቱን አንቺ ላይ መጣላቸው ግን ትክክል አይደለም። ብዙውን ጊዜውን የሚያሳልፈው፣ ሲደክመው የሚገኘው አንቺ ዘንድ ስለሆነ ነው። ስለዚህ «እያወቀ ነው?» ላልሽው መልሴ ይህ ነው፤ ያውቃል፣ ነገር ግን አውቆ አይደለም የሚያደርገው።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1848 በአሜሪካ ቬርሞንት ግዛት ፊኒያስ ጌጅ የሚባል የ25 ዓመት የሐዲድ ሠራተኞች አለቃ ድንጋይ ለማፍረስ ባሩድ ሲጠቀጥቅ ፈነዳበትና ርዝመቱ ከ1 ሜትር የሚበልጥ፣ ክብደቱ 6 ኪሎ ያህል የሆነ የብረት ዘንግ በግራ ጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። አልሞተም፤ እንዲያውም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይናገርና ይራመድ ነበር። ያከመው ሐኪም ጆን ሃርሎው እንደጻፈው ግን ያ ጥንቁቅና ታታሪ ወጣት ተሳዳቢ፣ ግልፍተኛ፣ አንዱን ዕቅድ ሳይጨርስ ሌላ የሚጀምር ሰው ሆነ፤ ወዳጆቹ «ይህ ጌጅ አይደለም» አሉ፤ አሠሪዎቹም መልሰው አልቀጠሩትም። ታሪኩን የሚያወሩ ሰዎች አብዛኞቹ እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ አንቺን የሚጠቅምሽ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በ1852 ወደ ቺሊ ሄዶ ለዓመታት መንገደኞች የሚያጓጉዝ በፈረስ የሚጎተት ሠረገላ ነዳ። በየቀኑ በታወቀ ሰዓት መነሣት፣ ፈረሶቹን መጥመድ፣ በዚያው መንገድ መሄድና መመለስ፤ ዛሬ ታሪኩን መልሰው ያጠኑ ሰዎች ይህ የማይዛነፍ የቀን ሥርዓት ከጠባዩ ብዙውን ሳይመልስለት አልቀረም ይላሉ። በ1860 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሞተ፤ ለሞት ያደረሰውም ደጋግሞ የጣለው የሚጥል በሽታ ነበር።

ሠረገላ መንዳቱን ለጀልባው ማስረጃ አድርገሽ እንዳትይዢብኝ! ስለ ጀልባው የምነግርሽ እንዲያውም የአሟሟቱን ነገር ይዤ ነው። «ዓይኑ ይፈዝና አፉን እንደሚያላምጥ ያንቀሳቅሳል፤ ስጠራው አይሰማኝም» ብለሻል። የሚጥል በሽታ ሲባል ብዙዎቻችን ወድቆ መንፈራገጥና አረፋ መድፈቅ ብቻ ይመስለናል። ሳይወድቅ፣ ለሰከንዶች ወይም ለአንድ ሁለት ደቂቃ ሰውን ካለበት የሚያጠፋ ዓይነትም አለ፤ የጻፍሽው ምልክት ከዚያ ጋር ይመሳሰላል። ከጭንቅላት አደጋና ከቀዶ ሕክምና በኋላ ደግሞ ይህ ያልተጠበቀ አይደለም፤ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ይመጣል። ተሳፋሪ ጭኖ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ መካከል ላይ ያ ሁለት ደቂቃ ቢመጣበትስ? የቤንዚን ፍሳሽ ቢኖር እንኳ አይሸተውም። እዚህ ላይ ሁለት ሐሳብ የለኝም። ሐኪም አይቶት «ይችላል» እስኪል ድረስ መሪ መያዝ የለበትም፤ ባጃጅም፣ ሞተር ሳይክልም ቢሆን። ብቻውን መዋኘትም እንዲሁ። አንቺም ዝም ማለት የለብሽም።

አነጋገሩ ግን ብልሃት ይጠይቃል። አንቺ «አትነዳም» ብትዪው ጠብ ነው፤ ከእንጀራው የምታፈናቅዪው ይመስለዋል። ሐኪሙ እንዲነግረው አድርጊ። ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሄዳችሁ የነርቭ ወይም የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ እንዲያየው ጠይቂ፤ ከመግባታችሁ በፊት ግን የምታዪውን በወረቀት ጽፈሽ ለሐኪሙ ስጪ። በሱ ፊት አንድ በአንድ ስትዘረዝሪ ያፍራል፣ ይክዳል፣ እዚያው ትጣላላችሁ። እሱ ሲጠየቅ «ደህና ነኝ» ይላል፤ ውሸቱን አይደለም፣ የራስን ለውጥ ማየት የሚያስችለውም ያው የተጎዳው ክፍል ስለሆነ ብዙዎች ጉድለታቸው አይታያቸውም። ወረቀቱ ላይ ሽታ ማጣቱን፣ መፍዘዙን፣ ክኒኑን ማቆሙን አትርሺ። የክኒኑን ሽፋን ወይም የድሮውን የሐኪም ወረቀት ይዘሽ ሂጂ፤ በራስሽ ግን መልሰሽ አታስጀምሪው። «ሲቲ ስካኑ ንጹሕ ነው» ቢሉሽ ተስፋ አትቁረጪ፤ የነርቭ ክሮች መጎዳት በዚያ ምስል ላይ ሳይታይ ሊቀር ይችላል። የመፍዘዙን ነገር ለመመርመር የአንጎል ሞገድ የሚለካ ምርመራ አለ፤ ያስፈልገው እንደሆነ ጠይቂ።

የሐኪሙን ቃል ከያዛችሁ በኋላ የማኅበሩን ሊቀ መንበር አነጋግሪ፤ ቢቻል ባለቤትሽ የሚያከብረውን አንድ ባልደረባውን ይዘሽ። «ከሥራ አውጡት» ማለት አያስፈልግሽም። ሐይቁ ዳር ሆኖ ተሳፋሪ መመዝገብ፣ የነፍስ አድን ጃኬት ማደል፣ ገመድ ማሰርና መፍታት፣ ይህን በተወሰነ ሰዓት፣ ለጊዜው በግማሽ ቀን ቢሠራ ገቢው ቢያንስም ቀኑ ቅርጽ ይይዝለታል። ባልደረቦቹ ድንገት ቢወድቅ ምን እንደሚያደርጉ ይወቁ፤ ከውሃው ማራቅ፣ በጎኑ ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ምንም ነገር አለመክተት፣ ክብሪት ጭሮ ማሽተት የሚባለውንም መተው። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል።

ቤት ውስጥስ? ካህኑ ሲመጡ የሚሆነውን እስካሁን እንደ ስድብ ቆጥረሽዋል፤ እኔ ደግሞ ትልቁ መሣሪያሽ ይመስለኛል። ሥርዓት ሲኖር ይችላል ማለት ነው። ያንን ሥርዓት ወደ ተራው ቀን አምጪው። ጠዋት 1 ሰዓት መነሣት፣ መታጠብ፣ ቁርስ፣ ልጁን ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ከምሳ በኋላ ጋደም ማለት፤ በትልልቅ ፊደል ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ሲጻፍ እሱም ይኑርበት፤ አንቺ ካወጣሽበት አዋጅ ይመስለዋል። «ተነሥ፣ ታጠብ» እያልሽ ስትጨቀጭቂው ከመዋል ወረቀቱ ይጨቅጭቀው። «ምን ትፈልጋለህ?» ከማለት «ሽሮ ይሁን ዓሣ?» ማለት ይቀለዋል። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አትንገሪው፤ ቡና እየተቆላ፣ ልጆች እየተንጫጩ የገንዘብ ወሬ አታንሺ። ቁጣው ሲነሣ አታስረጂው፤ በዚያች ሰዓት ማስረዳት የሚሰማ የለም፤ ከክፍሉ ውጪና ሲበርድ ተመለሺ። ጠላውም አረቄውም ይቅር፤ መጠጥ የተጎዳን አንጎል ከሌላው ሰው ይልቅ ያጠቃዋል፣ የሚጥለውንም ያብሳል። የተናደደበትን ሰዓትና ከዚያ በፊት የሆነውን ለሁለት ሳምንት በደብተር ያዢ። ርቦት ነበር? አልተኛም ነበር? ሰው በዝቶበት ነበር? ምናልባት አንድ ወይም ሁለት መነሻ ይደጋገምልሻል፤ እሱን ማስቀረት ከሰውየው ጋር ከመታገል ይቀላል።

ልጁን አደራ። የሰባት ዓመት ልጅ «አባቴ የተቆጣው እኔ ውሃ ስላፈሰስኩ ነው» ብሎ ይይዘዋል። «አባትህ ጭንቅላቱ ስለተጎዳ ነው፤ አንተ ምንም አላጠፋህም» በዪው፤ ደጋግመሽ።

ስለ ገንዘቡ አጭር ነው የምለው። ዕቁቡ በአንቺ ስም ይሁን፤ የባንክ ሒሳባችሁ ካለ ሁለታችሁ ሳትፈርሙ የማይወጣበት ይሁን፤ በስልኩ የሚያንቀሳቅሰው ገንዘብ ለዕለት የሚበቃው ብቻ ይሁን። ከሰው ፊት አታድርጊው፤ ኪሱን ባዶ አድርገሽም አታዋርጂው።

«ልታገሥ ወይስ ልውጣ?» ላልሽው፣ ሕመም ነው ማለት ቻዪው ማለት አይደለም። የተጎዳ መሪ ያለው ሰው ገፋሽ ብንልም የበሩ መቃን ያው መቃን ነው፤ ጭንቅላትሽም አንድ ነው። እጁን ካነሣ በዚያው ሰዓት ልጆችሽን ይዘሽ ትወጫለሽ። የት እንደምትሄጂ ዛሬ ወስኚ፤ አንድ ጎረቤት ይወቅ፣ መታወቂያሽና የልጆቹ ወረቀት ከትንሽ ገንዘብ ጋር እሱ በማያገኘው ቦታ ይቀመጥ፣ ቢላዋና ገጀራም ከዓይን ይራቅ። ከተደጋገመ ፖሊስ ጋ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚከታተሉ አሉ፤ ለነሱ መናገር ባልን መክዳት አይደለም። ለጊዜው ወጥቶ መቆየትና ትዳር ማፍረስም አንድ አይደሉም። መፋታቱን ግን አሁን፣ ሕክምናው ሳይጀመር፣ አንቺም እንዲህ ዝለሽ ሳለ ባትወስኚው እመርጣለሁ። ፈጣኑ መሻሻል የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ነው፤ ከዚያ በኋላም በዝግታ ለዓመታት ይቀጥላል። ሙሉ በሙሉ የዱሮው ሰው ይሆናል ብዬ ግን ቃል አልገባልሽም። ሞክረሽ፣ ታክሞ፣ ጊዜ ሰጥተሽ አሁንም የማትችዪው ከሆነ ያንን የማለት መብት አለሽ፤ ማንም «አስታማሚ ሆነሽ ጥለሽ ሄድሽ» ሊልሽ አይገባም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ለዚያ ለዱሮው ሰው አልቅሰሽለታል? ለሞተ ሰው ድንኳን ይተከላል፣ እድርተኛው ይመጣል፣ አፈር ስሆን ብዪ የሚልሽ አይጠፋም። ያንቺ ግን በሕይወት አለ፣ ጎረቤቱም በእልልታ ተቀብሎልሻል፤ ስለዚህ ማዘንሽ ምስጋና ቢስነት እየመሰለሽ ሳትውጪው አልቀረሽም። ሁለቱ አብረው ይሆናሉ፤ በመዳኑ ታመሰግኛለሽ፣ የጠፋብሽንም ታለቅሻለሽ። ለእህትሽ ንገሪያት፤ «እያወቀ ነው» ያለችው ስላዘነችልሽ ነው፤ ምን እንደሆነ ስታውቅ የምትረዳሽ እሷ ትመስለኛለች።

ጠበሉን አላስቆምሽም። ከክኒን ጋር የሚጣላ ግን አይደለም፤ የንስሐ አባታችሁ ራሳቸው «ጠበሉንም ተጠመቅ፣ መድኃኒትህንም ዋጥ፤ ታማሚ ነህና ጾሙም ይፈታልሃል» ቢሉት ከማንም ይልቅ ይሰማቸዋል። የሆነውን ሁሉ ንገሪያቸው፤ እስካሁን ጨዋውን ብቻ ነው ያዩት። ቢቻላቸው በሳምንት አንድ ቀን በታወቀ ሰዓት ቢመጡ፣ እሳቸው ሲሄዱ ደግሞ ወዲያው ጋደም እንዲል ብታደርጊው ያ ከበር በኋላ ያለው ጭቅጭቅ የሚቀንስ ይመስለኛል። ሞክሪውና ጻፊልኝ።

አማትሽን ደግሞ ሆስፒታል ይዘሻቸው ሂጂ። ካንቺ አፍ ቢሰሙት «ልጄን በሽተኛ አደረገችብኝ» ነው የሚሉሽ፤ ከሐኪሙ ይስሙት። ከዚያ በፊት ግን ክርክሩን ትተሽ አንድ ነገር ለምኛቸው፤ «እማማ፣ ቅዳሜና እሑድ እሱን እርስዎ ቤት ያሳድሩልኝ፣ እኔ ትንሽ ልተኛ» በያቸው። ለሰው ሁሉ ደህና ነው ብለዋልና እምቢ ለማለት ይቸግራቸዋል። የሚጥለው ከመጣ ምን እንደሚያደርጉ አስቀድመሽ አሳያቸው። ሁለት ቀን ሙሉ አብረውት ከዋሉና ካደሩ በኋላ ራስሽን መርምሪ የሚሉሽ አይመስለኝም።